ሰማንያ ሰባት አንሶላ

ሰኞ፣ መስከረም 9

ቲማቲሙ አበቃ። የመጨረሻዎቹን ስድስት ለቅሜ መስኮቱ ላይ ደረደርኩ። ጉልበቴ ዛሬ ደኅና ነው።

ጠዋት ቬልማ ቲብስ አጥሩ ላይ ተደግፋ የከተማውን ወሬ አራገፈችልኝ። አርባ ዓመት ጎረቤቴ ናት። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ወሬ አሳድራ አታውቅም።

«ሰማሽ? ኮሌጁ ደጅ አንሶላ ሊሰጣ ነው።»

«የምን አንሶላ?»

«የአልጋ ነዋ፣ እቴ። ከቻርልስተን የመጣች ሠዓሊ ናት አሉ። ድሮ ጥቁር ናችሁ ብለው የመለሷቸውን ልጆች ለማስታወስ ነው። ለአንድ ሰው አንድ አንሶላ። ሰማንያ ሰባት። እዚያ ዓምዶቹ ፊት፣ ሣሩ ላይ።»

ብራንቶን ኮሌጅ ሣሩን እንደ ሰው ፀጉር የሚያስከረክም ቤት ነው። እናቴ ሠላሳ ዓመት የመምህራኑንና የምሩቃኑን አንሶላ አጥባለች፤ ያንን ሣር ግን አንድ ቀን አልረገጠችም። በጓሮ በር ገብታ በጓሮ በር ትወጣ ነበር። አሁን ገመናችንን አደባባይ ሊያሰጡት? ለዚያውም ጥበብ ተብሎ?

«እኔ ያልተጠራሁበትን በር አንኳኩቼ አላውቅም። አይመለከተኝም» አልኳት።

«ይህቺን ነገር ስትይ ሰባት መቶኛሽ ነው» አለችኝና ወደ ጎመኗ ተመለሰች።

ሐሙስ፣ መስከረም 12

ሠዓሊዋ ራሷ መጣች። ዴሊስ ፕሬሎ ትባላለች። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። የጣቶቿ ጫፍ በመርፌ ተበሳስቷል። ተቀመጪ እስክላት ቆማ ጠበቀች። በሥርዓት ያሳደጋት ሰው አለ ማለት ነው።

«ሚስ ግሪር፣ በኮሌጁ መዝገብ ቤት የእርስዎን ማመልከቻ አግኝቻለሁ። የዐሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባቱን።»

ስልሳ ሰባት ዓመት... የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። እናቴ ካረፈች አርባ ዓመት አልፏታል።

ስለ ሥራዋ ነገረችኝ። በእያንዳንዱ አንሶላ ላይ ለአንድ አመልካች የተጻፈውን የእምቢታ ደብዳቤ በነጭ ክር ትጠልፋለች። ነጭ በነጭ ላይ። አንሶላው እንደ ደብዳቤ ሦስት ቦታ ታጥፎ ይተኮስና እጥፋቱ እየታየ ይሰቀላል።

«በሕይወት ያለ ሰው ሳይፈቅድ ስሙን አልጠልፍም። ያላችሁት አራት ናችሁ። ሦስቱ ፈቅደዋል።»

«አራተኛዋ እምቢ ካለችስ?»

«የእሷ ባዶውን ይሰቀላል።»

«ተሳስተሻል። ሌላ አይዶራ ግሪር ትሆናለች» አልኳት።

አልተከራከረችኝም። አንድ ቡናማ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «የማመልከቻዎ ባለቀለም ፎቶ ቅጂ ነው። ሲመችዎት ይዩት።» ሄደች።

በሰማንያ አራት ዓመቴ፣ ፊት ለፊት፣ ዓይኗን እያየሁ ዋሸሁ። ፖስታውን ከላቲን መዝገበ ቃላቴ ሥር አኑሬዋለሁ። አልከፍተውም።

ዓርብ፣ መስከረም 13

እዚህ እንኳ እውነቱን ካልጻፍኩ ደብተሩ ምን ይሠራልኛል?

አዎ፣ አንኳኩቻለሁ። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቅጹን ከመሙላቴ በፊት እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፤ ከክንዴ በታች ንጹሕ ወረቀት አነጠፍኩ። ሁሉንም ሞላሁ። አንድ ቦታ ቀረ፦ ጠባዬን የሚመሰክሩ ሁለት የኮሌጁ ምሩቃን። ምሩቃኑ ሁሉ ነጮች ናቸው። ለአንዲት ልብስ አጣቢ ልጅ ማን ይፈርማል? የጥያቄው ትርጉም ይኸው ነበር፤ እንደ አጥር የቆመ ጥያቄ። ባዶውን ተውኩት። እናቴ በዚያው ሳምንት የታጠበ ልብስ ወደ ነጮቹ ሰፈር ስትወስድ በፖስታ ቤት በኩል ስለምታልፍ፣ አስገቢልኝ ብዬ ሰጠኋት።

መልሱ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። እስከ ዛሬ በቃሌ አለ፦ «ቅጽዎ ንጹሕ ባልሆነ ሁኔታ ስለደረሰን ልንመለከተው አንችልም።»

ንጹሕ ያልሆነ። የልብስ አጣቢዋን ልጅ እንዲህ አሏት። እጄን ማለታቸው እንደ ሆነ ገባኝ። ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

ከዚያ የራሳችን ሰዎች ኮሌጅ ገባሁ፤ ተመርቄ በራሳችን ትምህርት ቤት፣ በኋላም የጥቁርና የነጭ ትምህርት ቤቶቹ ሲቀላቀሉ እዚያው፣ አርባ አንድ ዓመት ላቲን አስተማርኩ። በየዓመቱ ትምህርት በተከፈተ ቀን ሰሌዳው ላይ የምጽፈው አንድ ነገር ነበር፦ ራሱን የሚያከብር ሰው ያልተጠራበትን በር አያንኳኳም። ልጆቹ ይገለብጡታል። እኔም እያየሁ... አምኜው ነበር እኮ።

እሑድ፣ መስከረም 15

ዲያቆን ኤልበርት ሰግስ እንደ ልማዱ በመኪናው ቤተ ክርስቲያን ወሰደኝ። ተማሪዬ ነበር፣ የስልሳ ዘጠኙ ምሩቅ። አሁን ሰባ ሦስት ሞልቶታል፤ አሁንም በር ሲከፍትልኝ ባርኔጣውን ያወልቃል።

ስንመለስ የአንሶላውን ነገር አነሣ።

«ይገርማል። እርስዎ ባያስተምሩኝ እኔም እዚያ ገመድ ላይ እውል ነበር።»

«እንዴት?»

«ኮሌጁ ለእኛ ሲከፈት ቅጹን አምጥቼ ነበራ። አባቴም እሺ ብሎኛል። ልሞላው ስቀመጥ ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ትዝ አለኝ፣ ሚስ ግሪር። አልጠሩኝም፤ ከፈትን አሉ እንጂ ና አላሉኝም። ቀደድኩት።» ሳቀ። «ከዚያማ ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታቸውን አመላለስኩላቸው። በየቀኑ ገባሁ። በፊት በር።»

በኩራት ነው የነገረኝ። ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው።

ምሳ አልበላሁም። ስንቱ ቀደደ? ከማን ክፍል፣ በየትኛው ዓመት... ስማቸውን መጥራት ጀመርኩና አቆምኩ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 17

ፖስታውን ሳልከፍት ልመልስላት ሄድኩ። ከኮሌጁ በስተጀርባ የድሮው የልብስ ማጠቢያ ቤት ተሰጥቷታል። እናቴ የሠራችበት ጡብ ቤት። ልቆጣት አስቤ ነበር። ንግግሬን በመንገድ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ሦስት ክፍል ነበረው።

አንሶላዎቹን ሳይ ንግግሩ ጠፋኝ። እንደ እርጥብ ቂጣ ተልፈስፍሰዋል። ያቺ ልጅ ከሱቅ የተገዛ፣ ጨርቅ የሚያጠነክር ስታርች ከጣሳ እየነፋች ትተኩሳለች። እጥፋቱ ከካውያው እንደ ወረደ ይሞታል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ስታርች ነው፣ ሚስ ግሪር።»

«ይኼማ ሽቶ ነው። ድስት አለሽ?»

አመጣች። የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ የፈላ ውሃ እያማሰልኩ ጨመርኩበት። ቁንጥር ጨው። ካውያው እንዳይዝ የሻማ ቁራጭ። ነክሮ ማስጣት፣ ሲደርቅ ውሃ መርጨት፣ ጠቅልሎ ማቆየት፣ እርጥበቱ ሳይሄድ መተኮስ። እጄ ሁሉንም ያስታውሳል። ለስልሳ ዓመት ሳልሠራው... ላቲን ነበር ያስተማርኩት፤ ይሄንንስ ለማን አስተማርኩ?

የመጀመሪያው ሲያልቅ አንሶላው ራሱን ችሎ ቆመ ማለት ይቻላል። ዴሊስ አንሥታ በምዕራቡ መስኮት ፊት ዘረጋችው።

ባዶ ነበር። ነጭ። ከዚያ ፀሐይዋ ከኋላው ገባችና ክሩ ያለበት ሁሉ ጠቆረ። ፊደል ከጨርቁ ውስጥ ብቅ አለ፦ «ውድ ኦቲስ ፌልደር...» በዐሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስምንት የተጻፈ ደብዳቤ። ሰውየውን አላውቀውም። ቆሜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ደመና ሲመጣ ጠፋ።

ምን አየሁ? እንዲህ ያለ ነገር ዓይቼ አላውቅም። ስድብ ሆኖ የተጻፈ ደብዳቤ እንደ ቅዱስ ነገር ሲበራ።

ፖስታውን ሳልመልስላት ይዤው ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 21

በሦስት ቀን ሃያ ስድስት አንሶላ ተኮስን። ቬልማም መጣች። በአንድ እጇ የቅቤ ኬክ፣ በሌላው የራሷን ካውያ ይዛ።

«አይመለከተኝም ያለችው ሴትዮ ወዴት ሄደች?» አለችኝ።

«ጠርዙን ቀጥ አድርጊ።»

«እሺ፣ መምህርት። ከተሳሳትኩ ጆሮዬን ትቆነጥጪኛለሽ?»

ዴሊስ ሳቀች። ከዚያ ጠየቀችኝ፦ «እናትዎ የስንቱን ቤት አንሶላ ያጥቡ ነበር። ሁሉም ነጭ ነው። የማን የማን እንደ ሆነ በምን ይለዩት ነበር?»

«በምልክት። በቀይ ክር፣ ጠርዙ ላይ፣ ጥፍር የምታህል ስፌት። ፊደል አታውቅም ነበር። ለየቤቱ የራሷን ምልክት አወጣች። የዳኛው ቤት መሰላል ነው። የዶክተሩ ቤት የወፍ እግር...»

ዴሊስ ካውያውን አቆመች።

«ሚስ ግሪር። ያንን ፖስታ ከፍተውታል?»

«አልከፈትኩም።»

«እባክዎ ይክፈቱት።»

ካውያውን መልሳ አነሣች።

እሑድ፣ መስከረም 22

ቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። ለኤልበርት ጉልበቴ ነው አልኩት። ሌላ ውሸት።

ከፈትኩት። የልጅነት እጅ ጽሑፌ። ቀጥ ያለ፣ ስርዝ የሌለበት። ሁለተኛው ገጽ ላይ የምስክሮቹ ቦታ።

ባዶ አልነበረም።

መሰላል። የወፍ እግር። በቀይ ክር። ወረቀቱ ላይ ተሰፍተዋል። ወረቀት እንዳይቀደድ በስንት ጥንቃቄ፣ በቀጭን መርፌ... ቀዳዳዎቹ ተቆጥረው የተቀመጡ ይመስላሉ። ከጎናቸው ሌላ እጅ በእርሳስ ጽፏል፦ «ይህ ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው?»

ንጹሕ ያልሆነ ያሉት ይሄን ነው። እጄን አልነበረም።

አሁን ተመልሶ መጣልኝ። እናቴ ማድ ቤት ናት፣ ቅጹን ገልብጣ ታየዋለች።

«ይኼ ባዶው ቦታ ምንድን ነው?»

«እዚያ የተማሩ ሁለት ሰዎች ይመስክሩልሽ ነው የሚለው።»

«እነማን አሉሽ?»

«ማንም።»

«ዳኛው እዚያ አይደል የተማረው? ዶክተሩስ?»

«እማ፣ እነሱ ለእኔ አይፈርሙም። ተይው።»

ተወችው። ማለቴ፣ የተወችው መሰለኝ። አስገቢልኝ ባልኳት በሦስተኛው ቀን ነው ፖስታ ቤት የወሰደችው። ሦስት ቀን ምን እንዳቆያት ጠይቄ አላውቅም። ውርደት እንዳይደርስብኝ ፈርታ ነው ብዬ ነበር። ሕይወቴን ሙሉ ለራሴ በነገርኩት ታሪክ ላይ፣ አታንኳኪ ያለችኝ እሷ ነበረች።

ተነሥቼ ቆምኩ። ለምን እንደ ቆምኩ አላውቅም። አንድ ትልቅ ሰው ሲገባ እንደምንቆመው። ረጅም ጊዜ ቆምኩ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 24

ትናንት አልጻፍኩም። ነገሩ እረፍት ነሣኝ።

ራሴን ልጠይቅ። የሌላን ሰው ፊርማ አስመስሎ ማኖር ምን ይባላል? ኤልበርት ሰግስ በዐሥራ አራት ዓመቱ የአባቱን ፊርማ አስመስሎ ፈርሞ ነበር። ሁለት መቶ ጊዜ «የራሴ ያልሆነ ስም አልፈርምም» ብሎ እንዲጽፍ አደረግሁት፤ መቶ ዘጠና ዘጠኝ አምጥቶ ነበርና አንዷን እፊቴ አስጻፍኩት። ታዲያ እናቴን በምን ላሳልፋት? እናቴ ስለሆነች?

ዳኛውን ጠይቃው ይሆን? «እንደፈለግሽ አድርጊ፣ ሉላ» ብሏት ይሆን? የማውቅበት መንገድ የለም።

ከሰዓት በኋላ ካውያ ይዤ ሳለ ገባኝ። ዳኛው ያንን መሰላል አይቶት አያውቅም። ዶክተሩም የወፍ እግሩን። ምልክቱ ጠርዙ ውስጥ እንደ ተደበቀ በአንሶላቸው ላይ ተኝተው ኖሩ እንጂ። ምልክቱን ያወጣችው እሷ፤ የሰፋችው እሷ፤ የምታነብበውም እሷ ብቻ። ማንን አስመሰለች? የማንንም ስም አልወሰደችም። የእነዚያን ሰዎች ቆሻሻ ሠላሳ ዓመት ስታነጻ የሠራችበትን ምልክት ነው ያስቀመጠችው።

ሁለት ምስክር ጠየቁ። እሷ በምታውቀው ጽሕፈት መሰከረች። ቆሻሻ አሉት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 2

ለዴሊስ ስሜን ጥለፊው አልኳት። አንድ ነገር ብቻ፦ ጠርዙ ላይ፣ የአጣቢ ምልክት በሚውልበት ቦታ፣ ሁለቱን ምልክቶች እኔ ራሴ እሰፋለሁ። በቀይ።

«ሚስ ግሪር፣ ሥራው ሁሉ ነጭ ነው። የታሰበው እንደዚያ ነው።»

«እናቴ እንደዚያ አላሰበችውም።»

አየችኝ። የክር ሳጥኗን ከፈተች፤ ከሥር ቀይ አወጣች። ገዝታ አዘጋጅታው ኖሯል። ይህቺ ልጅ ትማርከኛለች፤ አልነገርኳትም።

መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ለመሰላሉ አንድ ቀን ሙሉ። በጨርቅ ላይ እንዲህ ከሆነ በወረቀት ላይ እንዴት ሆነላት?

እሑድ፣ ጥቅምት 13

ኤልበርት መኪና ውስጥ ስለ አየሩ፣ ስለ ስብከቱ፣ ስለ ልጁ ልጅ አወራ። የምነግረው ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ቤቴ ደጃፍ ደረስን። «አመሰግናለሁ፣ ኤልበርት» አልኩና ወረድኩ።

ፈሪ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 19

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ኤልበርት ወሰደኝ፤ ቬልማ ከኋላ ተቀመጠች፣ እንደ ፋሲካ ቀን ባርኔጣ ደፍታ። ከመንገዱ ሲታይ አንሶላ ብቻ ነው። ሰማንያ ሰባት ነጭ አንሶላ፣ ረጅም ገመድ፣ ነፋስ የለም። ብዙ ሰው መንገዱ ላይ ቆሞ ይኸው ነው እንዴ እያለ ያያል። አንድ ነጭ ሽማግሌ «የእናቴ ጓሮ ይመስላል» አለ፤ በክፋት አይመስለኝም።

ዴሊስ ንግግር አላደረገችም። «ለማንበብ ከላይ ነው የሚታየው» ብላ ወደ ደረጃው ጠቆመች። ወደ ዋናው በር፣ ዓምዶቹ ሥር። ደብዳቤዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደዚያ አዙረዋል፤ ሊያነብባቸው የሚሻ ሰው የኮሌጁን ደረጃ ወጥቶ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ መቆም አለበት።

ዐሥራ ሦስት ደረጃ ነው። የኤልበርትን ክንድ ይዤ ወጣሁ። እናቴ አልወጣችውም። በየደረጃው ስሟን አልኩ፤ ድምፅ አላወጣሁም።

ፀሐይዋ ዝቅ አለች። መጀመሪያ የኋለኛው ረድፍ፣ ከዚያ መካከለኛው። ፊደል በፊደል እየጠቆረ... «ውድ ኦቲስ ፌልደር።» «ውድ ሩቤል ማይዝ።» «እናዝናለን።» «ቦታ የለንም።» «ለእርስዎ ዓይነት ሰው የሚመጥን።» ከመቶ የሚበልጥ ሰው ደረጃው ላይ ነበር፤ የጫማ ድምፅ እንኳ አይሰማም። የሠላሳ አምስት ዓመት እምቢታ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ቆመ። የደበቁት ሁሉ። በብርሃን። አንሶላዎቹ የሚተነፍሱ መሰለኝ። ቬልማ ባርኔጣዋን አወለቀች። ቬልማ ቲብስ፣ ዝም ብላ።

የእኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ኤልበርት እያነበበ ሲሄድ ክንዱ ከእጄ ሥር ሲጠነክር ተሰማኝ።

«ውድ አይዶራ ግሪር» አለ። «ቅጽዎ ንጹሕ ባልሆነ ሁኔታ...» ቆመ። «ሚስ ግሪር?»

«አንኳኩቻለሁ፣ ኤልበርት። በዐሥራ ሰባት ዓመቴ። ሲዘጉብኝ ነው አላንኳኳሁም ያልኩት። አርባ አንድ ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው። አንተ ያንን ቅጽ የቀደድከው በእኔ ውሸት ነው።»

ክንዱን ከእጄ አላቆ ደረጃውን ወረደ። ሄደ ብዬ ነበር። አንሶላዬ ዘንድ ደርሶ ጠርዙን በሁለት ጣት አነሣ፤ ፖስታ እንደሚይዝ ሰው። እኔም ቬልማን ይዤ ወረድኩ።

«ይቺ ቀይዋ ምንድን ናት?»

«እናቴ ናት።»

ነገርኩት። ፊደል እንደማታውቅ፣ ምስክር እንደ ጠየቁኝ፣ ሦስቱን ቀን። ጠርዙን ሳይለቅ ሰማኝ። ሳቁ መጣ፤ ዓይኑ ግን ሞልቷል።

«ልብስ አጣቢዋ እናትዎ ምልክት ሰፍተው ፈርመዋል። እኔን ግን ሁለት መቶ ጊዜ አስጽፈውኛል።»

«መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነበር ያመጣኸው።»

«ዛሬም ቆጥረው ይዘውታል?»

«ይዤዋለሁ።»

ጠርዙን ቀስ ብሎ አወረደው፤ በመዳፉ ደልደል አደረገው። ፀሐይዋ ጠልቃ ነበር፤ ደብዳቤው ከጨርቁ ጠፍቷል፣ ቀይዋ ብቻ ትታያለች።

«ሚስ ግሪር» አለ፣ ባርኔጣውን አጥልቆ። «ስለ እኔ አይጨነቁ። ቅጹን ባልቀድም ኖሮ እንኳ አይቀበሉኝም ነበር። ላቲኔን እርስዎ ያውቁታል እኮ። ከመቶ ሰባ እንኳ መች አገኘሁ?»

ክንዱን ሰጠኝ። ያዝኩት።

በላቲን ዘጠና ስድስት ነበር ያገኘው። አላረምኩትም።